ከባዱን ማን ይያዝ

የግምጃ ቤቷ ኃላፊ ሁለቱን ላፕቶፖች ከካርቶናቸው አውጥታ ጎን ለጎን ስታስቀምጣቸው፣ ራሷ ወልዳ ያሳደገቻቸው ነበር የምትመስለው። አንደኛው ስስ ነው፤ ብርማ ቀለም አለው፤ በሁለት ጣት ይነሳል። ሌላኛው ጥቁር ነው፤ ወፍራም ነው፤ ጥግ ጥጉ በላስቲክ ተለብጧል። እሱ ጠረጴዛው ላይ ሲያርፍ መደርደሪያው ላይ ያሉት የብሎን ጣሳዎች ተንቀጫቀጩ።

"ምረጡ እንግዲህ" አለች። "ይሄ ቀላሉ ነው፣ ይሄኛው ጠንካራው። ጠንካራው ከወንበር ላይ ቢወድቅ እኔን የሚያሳዝነኝ ወለሉ ነው።"

ሚጢጢ አልሳቀችም። ሚጢጢ ቡድን መሪዋ ናት። ስሙ የወጣላት ገና ከትምህርት ቤት እንደወጣች፣ ከመሣሪያ ሳጥኑ ብዙም የማትበልጥ ልጅ ሆና ወደዚህ ድርጅት የገባች ጊዜ ነው። አሁን አግብታ ወልዳለች፣ አንድ ሁለት ሽበትም ብቅ ብሎባታል፣ ቡድን መሪም ሆናለች፤ ስሙ ግን አብሯት አላደገም። ሥራ አስኪያጁ ራሱ "እስቲ ሚጢጢን ጥሩልኝ" ነው የሚለው።

ከጎኗ የቆሙት ደግሞ ጋሼ ደረጃ ናቸው። ይሄም የወጣ ስም ነው። ድርጅቱ አሳንሰር ይጠግናል፤ ጋሼ ደረጃም ዕድሜያቸውን የፈጁት በዚሁ ሥራ ነው፤ ሆኖም አንድ ቀን እንኳ አሳንሰር ተሳፍረው ያያቸው ሰው የለም። የትኛውም ሕንፃ ላይ የሚወጡት በእግራቸው፣ በደረጃ ነው። "ምነው ጋሼ፣ የእጅዎን ሥራ አያምኑትም እንዴ?" ሲባሉ፣ "ባላውቀው ኖሮ እሳፈር ነበር" ይላሉ። ቀልዳቸውን ይሁን የምራቸውን እስከ ዛሬ የለየ የለም።

ሁለቱ እስካሁን የሚሠሩት በአንድ አሮጌ ላፕቶፕ ነበር። ማጠፊያው በኤሌክትሪክ ፕላስተር የታሰረ፣ ሲከፍቱት የሚያቃስት ነገር። ባለፈው ሰሞን ጨርሶ አልበራም ሲል፣ ቢሮው ምን ቸርነት እንደጎበኘው እንጃ፣ በአንዱ ፈንታ ሁለት ገዛ። ጥቁሩ የአሳንሰሩ ሳጥን ጣሪያ ላይ ወጥቶ ለሚሠራው ሰው ነው፤ እዚያ አቧራው፣ ግራሶው፣ ብረቱ አይጣል ነው። ስሱ ደግሞ ላይ ሞተር ክፍል ተቀምጦ መቆጣጠሪያውን ለሚከታተለውና ሪፖርት ለሚጽፈው። እስከ ዓርብ በየስማችሁ ፈርማችሁ ውሰዱ ተብሏል። ስለዚህ ምርጫው የላፕቶፕ ይምሰል እንጂ፣ ማን ጣሪያ ላይ ይወጣል፣ ማን ሞተር ክፍል ይቀመጣል የሚለውም አብሮ የሚቆረጥበት ነው። እስካሁን ጣሪያው የጋሼ ደረጃ፣ ሞተር ክፍሉ የሚጢጢ ነበር።

"ጥቁሩ ለእኔ" አሉ ጋሼ ደረጃ፣ እጃቸውን ሰደድ አድርገው።

"እንዴት ተደርጎ! እርስዎ ቀላሉን ይያዙ ጋሼ። ከባዱን እኔ እይዘዋለሁ።"

"እኔ እያለሁ አንቺ ከባድ ልትሸከሚ? ሰው ምን ይለኛል?"

"ለሰው መልሱን እኔ እሰጠዋለሁ። በሞቴ ጋሼ።"

"አትማዪ። ቤትሽ ስትገቢ ደግሞ ልጅ ታዝያለሽ።"

"ልጄ እኮ ትምህርት ቤት ገብታለች! እሷው እኔን ልታዝለኝ ምንም አልቀራት።"

"ተይ እንጂ፣ በእኔ ይሁንብሽ።"

የግምጃ ቤቷ ኃላፊ አገጯን በመዳፏ ደግፋ ታያቸዋለች። "በር ላይ ቆመው ቀድመው ይግቡ፣ የለም እርስዎ ይቅደሙ የሚባባሉ ሰዎች ናችሁ" አለች። "እኔ ደግሞ ከኋላችሁ ቆሜ ዝናብ የሚመታኝ።"

እንዲህ ያለውን ግብግብ የማያውቅ የለም። በይሉኝታ ስንት በር ላይ ስንት ጊዜ እንደቆምን ቤት ይቁጠረው። የሚጢጢ ይሉኝታ ግን የውነት ይሉኝታ አልነበረም። ጋሼ ደረጃን ከጣሪያው ላይ ማውረድ ነው የፈለገችው፤ ያውም ምክንያቱን ሳትነግራቸው።

"እንግዲያው ነገ ሥራ ላይ ሁለቱንም ሞክረናቸው እንወስናለን" አሉ ጋሼ ደረጃ በመጨረሻ፣ ጥቁሩን ብብታቸው ስር ወሽቀው። ሚጢጢ እሺ ከማለት ሌላ ምን ትበል።

ምክንያቷን ለማወቅ የሥራውን ወግ ማወቅ ያስፈልጋል። እኛ ተሳፋሪዎች አሳንሰርን የምናየው ከውስጥ ነው፤ መስታወትና ቁጥር። ሠራተኛው ግን በላይኛው ፎቅ በር ከፍቶ ሳጥኑ ጣሪያ ላይ ይወርዳል፤ ከላዩ ገመድ፣ በግራ በቀኙ ጨለማ፣ ከበታቹ የሕንፃው ቁመት ሙሉ ባዶ ነው። ጣሪያው ጠርዝ ላይ ቀይ ቁልፍ አለ። አንድ እግርህን አሳርፈህ ሁለተኛውን ከማንሳትህ በፊት እሱን ትጫናለህ። ከተጫንከው ሳጥኑን ማንም ሊያንቀሳቅሰው አይችልም። ካልተጫንከው፣ በሩ ላይ "ጥገና ላይ ነው" የሚል ወረቀት ቢለጠፍም፣ አንድ ችኩል ሰው ከታች የጥሪውን ቁልፍ ሲነካ ሳጥኑ አንተን ይዞ ይነጉዳል። ቁልፉን እንደተጫንክ ገመዶቹ በሚያልፉበት ቀዳዳ በኩል "ቆሟል!" ብለህ ትጮኻለህ፤ ሞተር ክፍል ያለው ጓደኛህ "ሰማሁ!" ይልሃል። መጀመሪያ እጅ፣ ከዚያ አፍ።

ይሄን ያስተማሯት ጋሼ ደረጃ ናቸው። ሌሎቹ ሠራተኞች ሴት ልጅ ጣሪያ ላይ ልትወጣ ነው ብለው ሲሳሳቁ፣ "ጣሪያው የሚጠይቃት ቁልፉን ተጭና እንደሆነ ብቻ ነው፣ እናንተ ምን አገባችሁ?" ብለው እጇን ይዘው ያወጧት እሳቸው ናቸው። ያን ቀን እጃቸውን አልለቅም ብላ ነበር፤ አዩ፣ ግን እንዳላዩ ሆነው ስለ አየሩ ጠባይ አወሯት።

ከጥቂት ሳምንታት በፊት እንግዲህ ሚጢጢ ሞተር ክፍል ከአሮጌው ላፕቶፕ ጋር ተፋጣ ተቀምጣለች። ስክሪኑ ላይ አንዲት መስመር አለች፤ ቀዩ ቁልፍ ሲጫን የምትቀላ፣ ካልተጫነ አረንጓዴ የምትሆን። ጋሼ ደረጃ ከታች "ቆሟል!" አሉ። "ሰማሁ!" አለች። መስመሯ አረንጓዴ ናት። ላፕቶፑ ስላረጀ አንቀላፍቶ ነው ብላ ጎኑን መታ መታ አደረገችው። አረንጓዴ። የኤሌክትሪኩን ዋና ማጥፊያ ወደታች ስባ ደረጃውን እየዘለለች ወረደች፤ በሩን ከፍታ ስታይ ጋሼ ደረጃ ጣሪያው ላይ ቁጢጥ ብለው፣ የሆነ ዜማ እያንጎራጎሩ፣ የበሩን ሐዲድ በጨርቅ ይወለውላሉ። ቀዩን ቁልፍ ማንም አልነካውም።

"ምን ሆነሽ ነው የምታለከልኪው?" አሏት።

"መብራት ሄደ ጋሼ።"

ከአፏ ያመለጠው ይሄ ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ ዓይኗ መስመሯ ላይ፣ አንድ እጇ ዋናው ማጥፊያ ላይ ሆነ። አብዛኛውን ጊዜ መስመሯ በወጉ ትቀላለች። አንዳንድ ቀን ግን ጋሼ ደረጃ "ቆሟል!" ይላሉ፣ መስመሯ አረንጓዴ እንደሆነች ትቀራለች፣ ሚጢጢ ማጥፊያውን ትስበዋለች፣ መብራት ይሄዳል። አፋቸው ሥራውን አልረሳም፤ የረሳው እጃቸው ነው።

ለምን አልነገረቻቸውም? ልትነግራቸው ስንት ጊዜ አፏን ከፍታ ስለ ሌላ ነገር ጠይቃ ዘጋችው። ጡረታ የሚለውን ቃል እንደ ስድብ የሚቆጥሩ ሰው ናቸው። ነገሩ ቢሮ ከደረሰ ደግሞ በማግሥቱ ቤት ዋሉ ማለት ነው። እና ከሁሉ በላይ፣ እሳቸውን ቁልፍ ረሱ ብሎ መናገር ለሷ አባትን በአደባባይ እንደ መገሠጽ ሆነባት። ላፕቶፖቹ ሲመጡ እፎይ ያለችው ለዚህ ነው። ቀላሉን ለአንጋፋው፣ ከባዱን ለታናሽ፤ ክብር መስሎ፣ ማንም ምንም ሳይባል ጋሼ ደረጃ ሞተር ክፍል ይቀመጣሉ። እንደዚያ ነበር ያሰበችው።

ከሥራ ስትገባ ባሏ ሳህን እያጠበ ነበር። የተማሪዎች አውቶቡስ ነው የሚነዳው፤ ከሰዓት በኋላ ቀድሟት ይገባል። ፎጣ አንስታ ሳህኖቹን እየተቀበለች ታደርቅ ጀመር፤ ስለ ሁለቱ ላፕቶፖችም አወራችለት። አንዱ ቀላል ነው፣ ባትሪው ቀኑን ሙሉ ይውላል። ሌላው ከባድ ነው፣ ግን ውኃ ቢፈስበትም፣ ቢወድቅም ግድ የለውም።

"ቀላል መኪና ጥሩ ነው" አለ ባሏ፣ "ጉድጓድ እስኪያገኝ ድረስ።" ከዚያ ስለ ነዳጅ፣ ስለ ሞላ፣ ስለ መለዋወጫ ቀጠለ። ሚጢጢ በአንድ ጆሮዋ እየሰማች ቆየችና በመሀል ሁሉንም ዘረገፈችለት። ባሏ ቧንቧውን ዘጋ።

"አንቺ የምትጠይቂኝ ስለ ላፕቶፕ ነው ስለ ጋሼ?"

"ስለ ላፕቶፕ።"

"ሚጢጢ።"

"እሺ፣ ስለ ጋሼ።"

"ቀላሉን ሲወስዱ ለምን እንደሰጠሻቸው ያውቃሉ?"

"አያውቁም። የፈለግኩትም እንዳያውቁ ነው።"

"አንድ ቀን ብትታመሚስ? ሌላ ልጅ ከሳቸው ጋር ይላካል። ልጁ ጋሼ ደረጃ ናቸው ብሎ ዓይኑን ጨፍኖ ያምናቸዋል፤ እሳቸውም እንደ ልማዳቸው ጣሪያው ላይ ይወጣሉ።"

ይሄን ሚጢጢም አስባው ታውቃለች፤ ባሰበችው ቁጥር ሌላ ሥራ ፈልጋ ትነሳ ነበር። ከሰው አፍ ስትሰማው ግን የምትሸሽበት ጠፋ። "እንዴት ብዬ ልንገራቸው?" አለች።

"እኔን አትጠይቂኝ" አለ ባሏ፣ ቧንቧውን መልሶ እየከፈተ። "እኔ የማውቀው ክላክስ ማድረግ ብቻ ነው።"

በማግሥቱ የተሰጣቸው ሥራ ከታች ጫማ መሸጫ፣ ከላይ የጥርስ ሐኪሞች ያሉበት ሕንፃ ነበር። ጋሼ ደረጃ ጥቁሩን ላፕቶፕ በትከሻቸው አንግተው ደረጃውን ተያያዙት። በየፎቁ ሲደርሱ ቆም ይሉና የግድግዳውን ቀለም ያደንቃሉ። "ጥሩ ቀለም ነው" ይላሉ፣ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ። ግድግዳው ከታች እስከ ላይ ያው አመድማ ነው። ሚጢጢ ስሱን በብብቷ ይዛ ከኋላቸው ትከተላለች፤ የያዘችው አይመስላትም ነበር፣ ሁለት ጊዜ ጣልኩት እንዴ ብላ ዳሰሰችው።

ሞተር ክፍል ገብታ ስትከፍተው ልቧ ሄደ። ስክሪኑ ጥርት ያለ ነው፤ ቁልፎቹ ጣት ሲነካቸው ድምፅ የላቸውም። ችግሩ የመጣው ገመድ ልትሰካ ስትል ነው። የአሳንሰሩ መቆጣጠሪያ አሮጌ ስለሆነ ገመዱ በወፍራሙ ዘመን የተሠራ ነው፤ ስሱ ላፕቶፕ ላይ ደግሞ የስልክ ቻርጀር መሰኪያ የምታክል ጠባብ ቀዳዳ ብቻ ናት ያለችው። በመሀላቸው የምትገባ አጭር ማገናኛ ከቦርሳው ውስጥ አገኘች። ሰካችው፤ ሠራ። ግን ማገናኛዋ ላላ ትላለች፤ በትንፋሽ ትነቃነቃለች፤ ስትነቃነቅ ደግሞ ስክሪኑ ባለበት ደርቆ ይቀራል። ጥቁሩ ይሄ ችግር የለበትም፤ ጎኑ ላይ የሌለው ቀዳዳ የለም፣ ወፍራሙ ገመድ ቀጥ ብሎ ይገባበታል። ሚጢጢ ማገናኛዋን በጣቷ ደግፋ ጠበቀች።

"ቆሟል!" አሉ ጋሼ ደረጃ ከታች።

መስመሯ አረንጓዴ ናት።

ማገናኛዋን ነቀነቀቻት። አረንጓዴ። ነቅላ መልሳ ሰካቻት። አረንጓዴ። "ቅዪ በናትሽ" አለቻት መስመሯን፣ እንደ ሰው። እዚህ ላይ ነው ሚጢጢ በራሷ የደነገጠችው። ምክንያቱም ለአንድ አፍታ ደስ አላት። በዚህ ላፕቶፕ ጥፋቱ የማገናኛዋ ይሁን የጋሼ ማንም ለይቶ አያውቅም። ማገናኛዋ ናት እያለች ዓመት መዝለቅ ትችላለች። ይሄን ስታስብ ጣቷን ከማገናኛዋ ላይ አነሳች። ሰማሁ አላለችም። ዋናውን ማጥፊያ ሳበችና ወረደች፤ ዛሬ አልሮጠችም።

ጋሼ ደረጃ ጣሪያው ላይ ተቀምጠዋል፤ ጥቁሩ ላፕቶፕ ጉልበታቸው ላይ ነው።

"ሰማሁ አላልሽም እኮ" አሏት ቀድመው። "ጠበቅኩ፣ ጠበቅኩ። መብራቱም ሄደ መሰለኝ። ዛሬስ የዚህን ሕንፃ ኃላፊ አልለቀውም።"

"መብራት አልሄደም ጋሼ። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።"

"ለምን ተደርጎ?"

ደረጃውን ስትወርድ ያዘጋጀችው ስንት የለሰለሰ ቃል ነበራት። አንዱም አልተገኘም። "ቁልፉን አልተጫኑም" አለች።

"ተጭኛለሁ።"

ዞር ብለው እንኳ ሳያዩ ነው የተናገሩት። ከዚያ የእጅ ባትሪያቸውን አብርተው ወደ ጠርዙ አዞሩት። ቀዩ ቁልፍ ብቅ እንዳለ ነው። ለረጅም ጊዜ አዩት።

"ጮኼያለሁ እኮ" አሉ። ድምፃቸው አነሰ።

"ጮኸዋል።"

"ዛሬ ነው የመጀመሪያው?"

አዎ ማለት ምን ያህል ይቀላል። ሚጢጢ የበሩን ጠርዝ በእጇ ጨበጠች። "አይደለም" አለች።

"መብራት ሄደ ስትዪኝ የከረምሽው..."

"እኔ ነኝ።"

"ሁሌም?"

"ሁሌም።"

ጋሼ ደረጃ ባትሪያቸውን አጠፉት። ከጨለማው ውስጥ፣ "ያን የባለፈውን ሕንፃ ኃላፊ አዋርጄዋለሁ እኮ!" አሉ። "ይሄን ሽቦ የዘረጋልህ ሰው እጁ ይቆረጥ ብዬዋለሁ። ሰውዬው ኤሌክትሪክ ሠሪ ጠርቶ ግድግዳ አስፈርሷል!"

ሚጢጢን ሳቅ አፈናት፤ ሳቁ መሀል ላይ ወደ ለቅሶ ተቀየረባት። ጋሼ ደረጃ አልሳቁም። ጎንበስ ብለው ቀዩን ቁልፍ ተጫኑት፤ እጃቸውን ከላዩ ላይ ሳያነሱ ቆዩ። ከዚያ ላፕቶፑን አቀብለዋት ተነሡ። ሌላ ጊዜ ሲወጡ እጇን ስትዘረጋላቸው "ዞር በይ" ነበር የሚሏት፤ ዛሬ እጇን ይዘው ወጡ።

ደረጃው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ከታች ከጥርስ ሐኪሙ ክፍል የመሰርሰሪያ ድምፅ ይመጣል።

"ለምን አልነገርሽኝም?" አሉ።

"እንዳይከፋዎት ብዬ።"

"ይከፋኛል እንጂ! ለምን አይከፋኝም? ብሞትስ ኖሮ ምን ልትዪ ነበር? ጋሼ ሳይከፋቸው አረፉ ልትዪ?"

ጋሼ ደረጃ ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው መዳፉን፣ ከዚያ ጀርባውን አዩት።

"ምን እንደሚያስፈራኝ ታውቂያለሽ? አሁንም ተጭኛለሁ ብዬ መማል እችላለሁ። ብረቱ ጣቴ ላይ ሲቀዘቅዝ እኮ ተሰምቶኛል። ያልሆነ ነገር ነው የተሰማኝ።" እጃቸውን ጨበጡት። "ፈራሁ ሚጢጢ።"

"እኔም ፈርቻለሁ" አለች። "ነገ ሐኪም ዘንድ አብረን እንሄዳለን።"

"እሺ" አሉ ጋሼ ደረጃ። እሺ ሲሉ ሰምታቸው ስለማታውቅ ዞር ብላ አየቻቸው።

ከዚያ ጥቁሩን ላፕቶፕ ከእጇ ወስደው ጎኑን መረመሩት፤ ወፍራሙ ገመድ የሚገባበትን ቀዳዳ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። ስለ ማገናኛዋ ጠየቋት፤ ነገረቻቸው። ደርቆ የሚቀረውን ስክሪን፣ ነቅላ የሰካችውን፣ ለአንድ አፍታ ደስ ያላትንም ሳይቀር ነገረቻቸው።

"ስሚ" አሉ። "ከእንግዲህ ጣሪያው ያንቺ ነው። እኔ ላይ ሆኜ መስመሯን አያለሁ። ሰማሁ የሚባል ነገር ቀርቷል፤ መስመሯ ስትቀላ ሳይ፣ አየሁ እልሻለሁ። አየሁ ካላልኩ ሁለተኛ እግርሽን እንዳታነሺ፤ ብትጮኺም፣ ብትናደጂም፣ እንዳታነሺ። እንደዚያ ከሆነ እኔ ብረሳ እንኳ የምትቆሚው በር ላይ ነው።"

"ቢረሱ እኔ ወጥቼ አስታውስዎታለሁ።"

"አፍሽን ከፍተሽ ነው ታዲያ፣ ማጥፊያ ስበሽ አይደለም" አሉ ጋሼ ደረጃ።

ከሰዓት በኋላ ግምጃ ቤት ሲገቡ ጓንት ሊወስዱ የመጡ ሦስት አራት ጠጋኞች በር ላይ ቆመው ነበር። የግምጃ ቤቷ ኃላፊ ገና ስታያቸው ፊቷ ፈካ። "እህ፣ ታረቃችሁ? ከባዱን ማን ይያዝ ተባለ?"

"እኔ" አሉ ጋሼ ደረጃ።

"ይኸው! እኔ እኮ ብያለሁ፤ ጋሼ ከጣሪያቸው አይወርዱም።"

"ወርጃለሁ" አሉ። "ጣሪያ ላይ የምትወጣው ሚጢጢ ናት። እኔ ሞተር ክፍል ነኝ።"

"ታዲያ ከባዱ ለምንዎ? ተገላበጠ እኮ! ወይስ ያለ ሸክም እንቅልፍ አይወስድዎትም?"

ጠጋኞቹ ሳቁ። ሚጢጢ ፈጥና አፏን ከፈተች። "እኔ ነኝ የለመንኳቸው፤ ሪፖርቱ በዝቶብኝ..." ብላ ስትጀምር ጋሼ ደረጃ እጃቸውን ከፍ አድርገው አስቆሟት። ሌላ ውሸት ልትጨምር እንደነበር ሁለቱም አውቀውታል።

"ቁልፉን ሳልጫን ቆሟል እላለሁ" አሉ ጋሼ ደረጃ፣ በር ላይ ያለውም ሰው እንዲሰማ አድርገው። "አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። ሚጢጢ ናት እስካሁን በነፍስ ያቆየችኝ። ሐኪም ዘንድ እሄዳለሁ፤ ለሥራ አስኪያጁም አሁን ገብቼ እነግረዋለሁ። እናንተ ግን ከዛሬ ጀምሮ ማናችሁም ጣሪያ ላይ እንዳታወጡኝ። ብለምናችሁም እንዳታወጡኝ።"

ከጠጋኞቹ አንዱ ኮፍያውን አወለቀ፤ ለምን እንዳወለቀው ራሱም ያወቀ አይመስልም። የግምጃ ቤቷ ኃላፊ ቀልድ ፈልጋ አጣች። ሚጢጢ መሬት መሬት ታያለች፤ ለሳምንታት በማጥፊያና በሰበብ ሸፍና የያዘችውን ነገር፣ ባለቤቱ በአንድ ትንፋሽ ተናግረው ጨረሱት።

ጋሼ ደረጃ ጥቁሩን ላፕቶፕ ወደ ራሳቸው ሳቡት። "ይሄኛው ገመዱን ጥርቅም አድርጎ ይይዛል" አሉ። "እኔ እሷን የምጠብቅበት ነውና የማይላላው ይሰጠኝ። ሲወጣና ሲወርድ ሸክሙን ታግዘኛለች።" ሚጢጢ ራሷን ወደታች ነቅንቃ እሺ አለች። ሳጥኑ ጣሪያ ላይ ያለው የበር መቆጣጠሪያ አዲስ ስለሆነ ገመዱ ስሱ ላይ ያለ ማገናኛ ይገባል፤ እሱን ለሷ ገፋ አደረጉላት።

የግምጃ ቤቷ ኃላፊ እስክሪብቶውን አቀበለቻቸው። ግን ዕቃ የሚጠብቅ ሰው ዕቃውን አይረሳምና ስሱን ላፕቶፕ በሐዘን አየችው። "ይሄ እኮ ለጣሪያ የተሠራ አይደለም ጋሼ" አለች። "አንድ ቀን ከእጇ አምልጦ ጉድጓዱ ውስጥ ይወድቃል።"

ጋሼ ደረጃ እየፈረሙ ነበር። ቀና አላሉም።

"ይውደቅ" አሉ። "እሱ ይውደቅ።"